በወዳጅነት ውድድርም ቢሆን ካርዱ ይመለስ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በወዳጅነት የጎልፍ ውድድሮች ላይ ሳይመለሱ ስለሚቀሩ የውጤት ካርዶች

ክቡር አዘጋጅ፣

እኔ በጥቅምት ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ አባል የሆንኩበት የጎልፍ ክለብ ባዘጋጀው የወዳጅነት ውድድር ላይ 115 ምት መትቼ ከተወዳዳሪዎች ሁሉ መጨረሻ የወጣሁ አማተር ተጫዋች ነኝ። ደብዳቤውን ለመጻፍ የተነሳሁት ጨዋታው ካለቀ በኋላ አንድ የማከብራቸው ሰው በቅንነት የሰጡኝ ምክር እስከ ዛሬ አልዋጥልኝ ስላለ ነው። ምክሩ «የወዳጅነት ጨዋታ እኮ ነው፤ ካርዱን ኪስህ ክተተውና እንርሳው» የሚል ነበር። ይህ ልማድ በእኛም ክለብ፣ በእንግድነት በተጫወትኩባቸውም ቦታዎች ሲደጋገም ስላየሁ፣ ሐሳቤ በጋዜጣችሁ በኩል ለተጫዋቾችና ለውድድር ኮሚቴዎች እንዲደርስልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ጨዋታውን በቅርብ ለማያውቁ አንባቢያን ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። ጎልፍ ክብደቷ ከ46 ግራም በታች የሆነችን ትንሽ ኳስ ከመነሻው ቦታ መትቶ፣ ስፋቱ 108 ሚሊ ሜትር ወደሆነ ቀዳዳ በተቻለ መጠን በጥቂት ምት የማስገባት ጨዋታ ነው። ከመነሻው እስከ ቀዳዳው ያለውን አንዱን መንገድ «ሆል» እንለዋለን፤ አንድ ሙሉ ዙርም 18 ሆል አለው። የእኛ ሜዳ 9 ሆል ብቻ ስላለው ሁለት ጊዜ እንዞረዋለን። ለእያንዳንዱ ሆል አንድ ጥሩ ተጫዋች ሊጨርስበት የሚገባው የምት ብዛት ተወስኖለታል፤ ይህም «ፓር» ይባላል፤ በእኛ ሜዳ የ18ቱ ድምር 72 ነው። እንደ እኔ ያለው አማተር በዚህ ቁጥር ሊጨርስ ስለማይችል፣ ከቀደሙ ውጤቶቹ ተሰልቶ «ሃንዲካፕ» የሚባል ቅናሽ ይሰጠዋል። የእኔ በዚያን ዕለት 22 ነበር። እንግዲህ ደህና በምጫወትበት ቀን 94 ወይም 95 እመታለሁ፤ 22ቱ ሲቀነስልኝም ከፓሩ አጠገብ እገኛለሁ ማለት ነው።

ሌላው ሊታወቅ የሚገባው ነገር በአማተር ጎልፍ ሜዳ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ዳኛ አለመኖሩ ነው። በእግር ኳስ አንድ ጥፋት ሲፈጸም ፊሽካ የሚነፋ ሰው አለ። እኛ ግን ሦስት ወይም አራት ሆነን እንወጣለን፣ ኳሶቻችን ሜዳው ላይ ይበታተናሉ፣ እያንዳንዳችንም ለብዙ ደቂቃ ቦርሳችንን ከሚሸከመው ረዳት፣ ከካዲያችን፣ በቀር ማንም ሳያየን በዛፍና በሣር መካከል እንቆያለን። አንዱ የሌላውን ምት በካርድ ላይ ይመዘግባል፤ መጨረሻ ላይ መዝጋቢውና ተጫዋቹ ይፈርሙበታል። መዝጋቢው የሚጽፈውም አብዛኛውን ጊዜ ተጫዋቹ ራሱ የነገረውን ነው። ጨዋታው በሙሉ የቆመው በዚህ ቃል ላይ ነው።

በዚያ ቅዳሜ አራት ሆነን ወጣን። እኔ፣ የእኔን ካርድ የሚይዙልኝ አንድ በዕድሜ የገፉ አባል፣ እንዲሁም ከሌላ ክለብ የመጡ ሁለት እንግዶች ነበርን። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለነበር ከተስተካከለው መጫወቻ ውጭ ያለው ሣር እስከ ቁርጭምጭሚት ደርሷል፤ በአጥሩ በኩልም የአደይ አበባ ጠውላጋ ቅሪት ከሣሩ ጋር ተያይዞ ቆሟል። ለዓይን ደስ የሚል ሜዳ ነበር፤ ኳስ ለሚፈልግ ሰው ግን እጅግ አስቸጋሪ ነበር።

ከመጀመሪያው ሆል ጀምሮ እጄ አልታዘዝ አለኝ። የመጀመሪያ ምቴ የኳሷን አናት ብቻ ነካክቶ ሠላሳ እርምጃ ያህል አንከባለላት፤ ሆሉን በ7 ምት ጨረስኩ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን እያንዳንዳቸውን በ5 ወጣሁ። እስከዚህ ድረስ ደካማ ጅምር ቢሆንም ተስፋ የሚያስቆርጥ አልነበረም።

ያጠፋኝ 4ኛው ሆል ነው። በቀኝ በኩል ረጃጅም ባሕር ዛፎች የተሰለፉበት፣ በግራ በኩል ሜዳው የሚያዘቀዝቅበት፣ ፓሩ 4 የሆነ ሆል ነው። ረጅም ርቀት የምመታበትን ዱላ፣ ድራይቨሬን፣ አወጣሁና መታሁ፤ ኳሷ ጥሩ ከፍታ ይዛ ሄደችና መጨረሻው ላይ ወደ ቀኝ ታጥፋ ዛፎቹ ሥር ገባች። አብሮኝ የነበረው ወጣት ካዲ፣ «ጋሼ፣ ለማንኛውም ሌላ አንድ ኳስ ይምቱ» አለኝ። ደንቡ እንዲህ ላለ ጊዜ «ጊዜያዊ ኳስ» የሚባል ነገር ይፈቅዳል፤ የመጀመሪያዋ ብትጠፋ ወደ ኋላ ሳይመለሱ በሁለተኛዋ ይቀጥላሉ። እኔ ግን የወደቀችበትን ቦታ በዓይኔ ያየሁ ስለመሰለኝ፣ «ግድ የለም፣ እናገኛታለን» ብዬ ሄድኩ። ልምድ ያለው ልጅ የሰጠኝን ምክር አለመስማቴ የራሴ ጥፋት ነበር።

አላገኘናትም። አራታችንም ካዲዎቹም ተሰልፈን በሣሩና በወደቀው የባሕር ዛፍ ቅጠል መካከል ፈለግን። ድሮ ለፍለጋ 5 ደቂቃ ይሰጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ደንቡ ሲሻሻል 3 ደቂቃ ብቻ ሆኗል። ሦስቱ ደቂቃ አለቀ። ኳስ ስትጠፋ ተጫዋቹ አንድ የቅጣት ምት ተጨምሮበት ቀድሞ ወደመታበት ቦታ ይመለሳል፤ ስለዚህ ከኋላችን የደረሱት ተጫዋቾች ቆመው እየተመለከቱኝ ወደ መነሻው ብቻዬን ተመለስኩ። ክለቦች ቢፈልጉ ሊቀበሉት የሚችሉት፣ ተጫዋቹ ሁለት ቅጣት ከፍሎ ኳስ በጠፋችበት አካባቢ እንዲቀጥል የሚፈቅድ አማራጭ ደንብ አለ፤ በዚያን ዕለት ግን አልተሠራበትም። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነች ከተማ፣ አቀበት መንገድ በችኮላ የተመለሰ የሃምሳ ዓመት ሰው ትንፋሹ ሳይመለስ የሚመታው ምት ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ሦስተኛው ምቴ እዚያው ዛፎች ውስጥ ገባ፤ አራተኛው ግንድ መታ፤ በአምስተኛው ወደ ሜዳው ወጣሁ፤ በስድስተኛው ባንከር ከምንለው የአሸዋ ገንዳ ገባሁ፤ ሰባተኛው አሸዋውን በትኖ ኳሷን እዚያው ተዋት፤ በስምንተኛው ቀዳዳው ካለበት፣ ሣሩ አጥሮ ከታጨደው ግሪን ላይ ወጣሁ፤ እዚያም በሦስት ምት ጨረስኩ። ካርድ ያዤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ስንት ልጻፍ?» ብለው ሲጠይቁኝ «አሥራ አንድ» አልኳቸው።

ይህን ሁሉ በዝርዝር የምተርከው ለምክንያት ነው። ጎልፍ ያልሞከረ ሰው አንድ መጥፎ ሆል ምን ያህል እንደሚያደክም ላይረዳው ይችላል። ጉዳቱ በቁጥሩ ላይ ብቻ አይቆምም፤ የቀሩትን 14 ሆሎች፣ ከሁለት ሰዓት ተኩል የሚበልጥ ጊዜ፣ ሊሻሻል የማይችል ውጤት ተሸክሞ መጫወት ግድ ይሆናል። በቡድን ጨዋታ ተቀይሮ መውጣት ይቻላል። እዚህ ግን የሚተካህ የለም፤ ሦስት ሰዎችም ከአንተ ጋር ስለተመደቡ ጥለሃቸው ልትሄድ አይገባም። የመጀመሪያዎቹን 9 ሆሎች በ59 ጨረስኩ።

በሁለተኛው ዙር ያው 4ኛ ሆል፣ አሁን 13ኛ ሆኖ፣ መጣ። ኳሴ እንደገና ወደ ቀኝ ሄደች፤ ደግነቱ ተገኘች። አጠገቧ ከባሕር ዛፍ ተልጦ የወደቀ ረጅም ቅርፊት ነበር። እንዲህ ያለውን የደረቀ ነገር ማንሳት ይፈቀዳል፤ በማንሳት ሰበብ ኳሷ ከተንቀሳቀሰች ግን፣ ከግሪን ውጭ እስከሆነ ድረስ፣ አንድ ምት ቅጣት አለው፤ ኳሷም ወደነበረችበት ትመለሳለች። ቅርፊቱን በቀስታ ሳነሳው ጫፉ ነካትና ስንዝር ያህል ተንከባለለች። ቀና ስል ከካዲው ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ሌሎቹ ከሜዳው ማዶ ነበሩ፤ ማንም አላየም። ወጣቱ አንድም ቃል አልተናገረም፤ ምን እንደማደርግ ግን እየተጠባበቀ እንደሆነ ከአስተያየቱ ተረዳሁ።

ኳሷን ወደ ቦታዋ መለስኩና ካርድ ያዤን ጠራኋቸው። «ጋሼ፣ ኳሴን አንቀሳቅሻታለሁ፤ አንድ ቅጣት ይጻፉልኝ» አልኳቸው። «ርግጠኛ ነህ?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ። ጻፉት። በዚያ ሆል 6 ሊሆን ይችል የነበረው 7 ሆነ፤ ሁለተኛውም ዙር በ56 ተዘጋ። ሲደመር 115፣ ሃንዲካፔ ሲቀነስ 93 መጣ። ያች አንዲት ቅጣት ባትቆጠር ኖሮ 92 እሆን ነበር፤ ያው መጨረሻ ነው። የደረጃ ለውጥ አታመጣም ነበር።

ምክሩ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ ሻይ ይዘን በተቀመጥንበት ጠረጴዛ ላይ ነው። እውነቱን ለመናገር ካርዱን ወዲያው አልፈረምኩበትም፤ የ11ዋን ቁጥር እያየሁ ፊት ለፊቴ አስቀምጬው ቆየሁ። እኒያ አዛውንት ያዩኝ በርኅራኄ ነበር። ሰሌዳው ላይ ስሜ ከሁሉ በታች ተጽፎ እንዳላፍር አስበው «ኪስህ ክተተው» አሉኝ። ከእንግዶቹም አንዱ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለውን የአባቶች አባባል ጠቅሶ አበረታታኝ። ደግ ሰዎች ናቸው፤ ምክራቸውንም በክፉ አልተረጎምኩትም። ዘወር ብዬ ሳይ ግን በሌሎች ጠረጴዛዎችም ጥቂት የማይባሉ ተጫዋቾች ካርዳቸውን ሳይመልሱ እየወጡ ነበር። ሰሌዳው ላይ የወጣው ዝርዝር ከተሰለፍነው ሰዎች በግልጽ ያነሰው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ላይ ያለኝን ተቃውሞ ላስረዳ። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም የተባለው ጌታና አሽከር በአንድ ሜዳ እኩል ተሰልፈው ጥንጓን ስለሚመቱ፣ የተመታውም ቂም እንዳይዝ ነው። አለመቆጣትን አስተማሩን እንጂ የገባችውን ጥንግ አልገባችም እንድንል አልነገሩንም። በወዳጅነት ውድድርም የወዳጅነቱ ቦታ እዚሁ ላይ ይመስለኛል፤ የተሸነፈው አይኮርፍም፣ ያሸነፈው አይመጻደቅም፣ የጠፋችን ኳስ ሁሉም ጎንበስ ብሎ ይፈልጋል። ቁጥሩ ግን ቁጥር ሆኖ መቅረት አለበት።

ይህ የስሜት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የአሠራርም ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በየአገሩ የነበሩ ስድስት የተለያዩ አሠራሮችን በአንድ የተካው የዓለም የሃንዲካፕ ሥርዓት፣ ከተጫዋቹ የመጨረሻ 20 ውጤቶች ውስጥ የተሻሉትን 8 አማካይ ይወስዳል። መጥፎ ቀን ያጋጠመውን ሰው እንዳይጎዳም ለአንድ ሆል የሚመዘገበው ምት ጣሪያ አለው፤ የእኔ 11 በውድድሩ 11 ሆኖ ሲቀር፣ ለሃንዲካፕ ስሌቱ ግን ከዚያ ዝቅ ባለ ቁጥር ነው የሚገባው። ስለዚህ መጥፎውን ካርድ ማስገባት ተጫዋቹን ይህን ያህል አያሳጣውም። አለማስገባቱ ግን ስሌቱን ከመሠረቱ ያዛባዋል። አንዱ ለክብሩ ሲል መጥፎ ካርዱን ይደብቃል፤ ሌላው ደግሞ ቅናሹ እንዳይቀነስበት ጥሩ ካርዱን ይደብቃል። ሁለቱም በኪሳቸው ከከተቱት በኋላ፣ በሚቀጥለው ውድድር ላይ እኔና አንድ ጎበዝ ተጫዋች እኩል የምንፎካከርበት ቅናሽ ከየት ይመጣል? ይህ ጨዋታ የሰባ ዓመቱን አዛውንትና የሃያ ዓመቱን ወጣት በአንድ ሜዳ በእኩል ተስፋ የሚያሰልፈው በዚህ ስሌት ነው፤ ለእኔ ከጎልፍ ሁሉ የሚያስደስተኝም እሱ ነው።

ታላላቆቹ ተጫዋቾች ስለዚህ ጉዳይ የከፈሉትን ዋጋ ማስታወስም ይጠቅማል። አሜሪካዊው ቦቢ ጆንስ በውድድር ዘመኑ ሁሉ አማተር ሆኖ የተጫወተ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 በአሜሪካ ኦፕን፣ ረጅም ሣር ውስጥ ሊመታ ሲዘጋጅ ኳሱ ተንቀሳቀሰች ብሎ በራሱ ላይ አንድ ቅጣት አስቆጠረ፤ ሌላ ሰው አላየም ነበር። ውድድሩ በእኩል ውጤት አልቆ በተጨማሪ ዙር ተሸነፈ። ያች አንድ ምት ባትቆጠር ዋንጫው ያለ ተጨማሪ ዙር የእርሱ ነበር። አርጀንቲናዊው ሮቤርቶ ዴ ቪሴንዞ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1968 በማስተርስ ውድድር፣ አብሮት የተጫወተው ሰው በ17ኛው ሆል 3 የነበረውን በስህተት 4 ብሎ ሲጽፍለት፣ ሳያስተውል ፈረመ። የተፈረመው ከፍተኛ ቁጥር ጸናበት፤ በአንድ ምትም ተበለጠ። እኔ እንደ እነርሱ ነኝ ማለቴ አይደለም። እንዲህ ያሉ ታላላቅ ውድድሮች በአንድ ካርድና በአንድ ፊርማ ላይ ከተወሰኑ፣ እኛ በቅዳሜ ጠዋት የምንይዘውን ካርድ እንደ ተራ ወረቀት ማየታችን ጨዋታውን ያለመረዳት ይመስለኛል።

ነገር ግን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የካዲዎቹ ጉዳይ ነው። አብሮኝ የነበረው ወጣት በሜዳው አቅራቢያ ተወልዶ ያደገ ነው። ቦርሳዬን ከመሸከም አልፎ ነፋሱን ያነብልኛል፣ በግሪኑ ላይ ኳሷ ወዴት እንደምትታጠፍ ይነግረኛል። ካዲዎች እንዲጫወቱ በሚፈቀድላቸው ቀን ሲመታ አይቼዋለሁ፤ ከእኔ እጅግ ይበልጣል። እንዲህ ያሉ ልጆች ጨዋታውን የሚማሩት መጽሐፍ አንብበው ሳይሆን እኛን እያዩ ነው። በ13ኛው ሆል ዓይን ለዓይን ስንገጣጠም ከእኔ የሚጠብቀው መልስ ነበረው። ከዚያ ሁለት ሰዓት በኋላ ካርዱን ኪሴ ከትቼ ብወጣ ኖሮ፣ ያችን ቅጣት የቆጠርኩት ለታይታ እንደነበር በገባው ነበር። ከአባላት መካከል ነገ ይህችን አገር ወክሎ በውጭ ሜዳ የሚቆም ሊገኝ ይችላል፤ ከካዲዎቹ መካከል የመገኘቱ ዕድል ግን የሚበልጥ ይመስለኛል። ካርድ ስለመመለስ የሚያውቀውን የሚማረው ከእኛ ነው።

መጥፎ ውጤት እንግዳን ያሳፍራል፣ የወዳጅነቱንም ስሜት ያበላሻል የሚሉ ኮሚቴዎች ካሉ፣ መፍትሔው ካርድ መደበቅ ሳይሆን የውድድሩን ዓይነት መለወጥ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ፍራንክ ስቴብልፎርድ ያወጣው፣ እ.ኤ.አ. በ1932 በዎላሲ ክለብ ለውድድር የዋለው የነጥብ አቆጣጠር ለዚሁ የተመቸ ነው። ቅናሹ ታስቦ ፓር ያመጣ 2 ነጥብ፣ አንድ የጨመረ 1 ነጥብ ያገኛል፤ ሁለትና ከዚያ በላይ የጨመረ ዜሮ ይመዘገብለትና ኳሱን አንስቶ ወደሚቀጥለው ሆል ይሄዳል። በዚህ አቆጣጠር የእኔ 4ኛ ሆል አንድ ዜሮ ብቻ ትሆን ነበር፤ ከኋላችን የመጡትም ቆመው ባልጠበቁን። ለወዳጅነት ቀን ከዚህ የተሻለ አላውቅም፤ ምት በምት የሚቆጠረው ግን ከተመረጠ እስከ መጨረሻዋ ምት ይቆጠር።

ስለዚህ የውድድር ኮሚቴዎች ከጨዋታው በፊት ካርድ ሁሉ እንደሚመለስ በግልጽ እንዲናገሩ፣ ሳይመልስ የቀረውንም በቀና መንፈስ ምክንያቱን እንዲጠይቁ እለምናለሁ። ለዝግጅት ክፍላችሁም አንድ ጥያቄ አለኝ። የስፖርት ዓምዳችሁ ስለ አማተር ጎልፍ በሚጽፍበት ጊዜ ከአሸናፊው ስም ጋር የተጫወቱት ሁሉ ውጤት፣ እስከ መጨረሻው ሰው፣ ቢወጣ እኛን አይጎዳንም። የእኔን ለማውጣት ፈቃዴ ነው።

በዚያን ዕለት ካርዱን ፈርሜ መለስኩ። አዛውንቱም ከአጠገቤ ተነስተው ፊርማቸውን አኖሩና እጄን ጨብጠውኝ ሄዱ። የኅዳር ወር ውድድር ምዝገባ ተከፍቷል፤ ስሜን ጽፌያለሁ፤ ያው ወጣት እንዲመደብልኝም ጠይቄያለሁ። 4ኛው ሆል ላይ «ሌላ ኳስ ይምቱ» ካለኝ፣ እመታለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ
ከአዲስ አበባ